ባትሪ ላይ የዋለ ሜትር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ሠላሳ ስምንት ዲግሪ። የሕክምና ዕቃ የምንጠግንበት ዎርክሾፕ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው። ከሰዓት በኋላ የብረት ወንበሩ ላይ ጨርቅ ሳያነጥፉ መቀመጥ አይቻልም። ሸዋ ሮቢት ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ሙቀቱን ግን ገና አልለመድኩትም። ሐዋሳ ያደገ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ብሎ ይመጣል… አያውቅም።

ጠዋት ሁለት የደም ግፊት መለኪያ ጠገንኩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው። ሽማግሌው ያልኩት የጠረጴዛ ሜትሬን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን ነው። በእርዳታ ከመጣ ዕቃ መሀል፣ ከተሰበሩ አልጋዎች ሥር ነው ያገኘሁት። የጫማ ካርቶን ያህላል፣ ይከብዳል፣ ግን በእጅ የሚያዘው ሜትር ጭራሽ የማያየውን ያያል። አለቃዬ አቶ ሰይፉ ባለፉ ቁጥር "ሶስና፣ ይሄን ብረት መቼ ነው የምትጥይው?" ይላሉ። ዛሬም አሉ። አቧራውን ጠረግኩለት።

የሽማግሌው ችግር መብራት ላይ ሲሰካ መጨረሻ ላይ ያሉት አሃዞች አይረጉም። የቤቱ መሬት ሽቦ የውሸት ነው፤ ከወፍጮው፣ ከብየዳው፣ ከሁሉም ሰፈር የኤሌክትሪክ ጩኸት እየለቀመ ያስገባል። ስለዚህ ዛሬ ከመብራቱ አፋታሁት። የመኪና ባትሪ ከኢንቨርተር፣ ኢንቨርተሩን ከሜትሩ። ኢንቨርተሩን ባለፈው ሳምንት ከቢላል ሱቅ ነው ያስገዛሁት፤ አሥራ ሁለቱ ቮልት ሁለት መቶ ሃያ ሆኖ ወጣ፣ ሽማግሌውም በራ።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ። ሌላ ቀን ብሆን እራገም ነበር፣ ዛሬ ሳቅኩ። ሁሉም ሥራ ሲፈታ እኔ ብቻ በባትሪ እየሠራሁ። የሙቀት መለኪያ ሽቦውን ውሃ ውስጥ ነክሬ ግማሽ ሰዓት ቁጭ አልኩ። አንድም አሃዝ አልተነቃነቀም። ቆሟል ወይ ብዬ በጣቴ መታ አደረግኩት… አልቆመም። ረግቶ ነው።

ደስ ብሎኛል። ማታ ለራሴ ሐብሐብ ገዛሁ። ግማሹን ለአከራዬ ለናጅዋ ሰጠኋት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ፊልድ። ከጀውሃ ወደ ቆላው ገባ ብሎ ያለ ጤና ጣቢያ፣ የክትባት ፍሪጅ መፈተሽ። ሽማግሌውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የሄድኩት። ሚኒባሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ "ልጅ ነው?" አሉኝ። አዎ ብል ይቀለኝ ነበር።

ክትባቱን የያዘችው ሲስተር ሩቅያ ናት። ከእኔ አምስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ንግግሯ አጭር። ዐሥራ አንድ ዓመት እዚያው። የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ የምትጽፍበት መዝገብ አላት። አገላበጥኩት። አራት ነጥብ ሁለት፣ አራት ነጥብ አምስት፣ አራት ነጥብ ሦስት… ወር ከወር እንዲሁ። በዚህ ሙቀት? መብራት በሚመጣ በሚሄድበት አገር? ሲበዛ ያማረ ነገር አልወድም። አንዳንድ ቦታ ሳያዩ የሚጽፉ አሉ፤ አይቻለሁ።

ሽቦውን በበሩ ጎማ ሥር አስገባሁ፣ ከፍሪጁ የመብራት ገመድ ጎን ለጎን አስተኝቼ እስከ ጠረጴዛው ሳብኩት፤ ሌላ መንገድ የለም። ሽማግሌው በባትሪና በኢንቨርተር። በየደቂቃው አንድ ንባብ።

አራት። ስድስት። ዘጠኝ። ከዚያ ቁልቁል… አምስት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ከዜሮ በታች አንድ። ከዚያ እንደገና ሽቅብ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ሲወጣ ሲወርድ ቆየ።

ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ነው መሆን ያለበት። ከዜሮ በታች ከወረደ አንዳንዱ በረዶ ሆኖ ይረጋል፤ ከረጋ መጣል ነው።

"በሩን ስንት ጊዜ ነው የምትከፍቺው?" አልኳት።

"ወላሂ ከጠዋት ጀምሮ አንዴ።"

"ሜትሩ እንደሱ አይልም።"

"ቴርሞሜትሬ አራት ነጥብ ሦስት ይላል። ነይ እይው።"

አየሁት። ይላል። "ይሄ ቀርፋፋ ነው፣ ቶሎ የሚቀያየረውን አያይም" አልኳት።

ክፉኛ አላስቀየማትም፣ ወይም አላሳየችኝም። አንድ ብልቃጥ ከፍሪጁ አወጣች፣ ሌላ ለማነጻጸሪያ አስቀድማ ሆን ብላ አርግታ ያሟሟችውን ከጎኑ አደረገች፤ ሁለቱን ነቅንቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። የረጋው ቶሎ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ደህናው ደፍርሶ ይቆያል። የእሷው ደፍርሶ ቆየ።

"ይኸው። አልረጋም።"

"እኔ በዓይን አይቼ አልፈርምም" አልኳት።

አሁን ስጽፈው ትንሽ ሻከረኝ። ግን ሥራ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ሪፖርቱን አስገባሁ፣ ግራፉን አያይዤ። ግራፉ ያምራል። መጨረሻው ላይ እንዲህ አልኩ፦ "ሙቀቱ በተደጋጋሚ ከዜሮ በታች ወርዷል። የጤና ጣቢያው መዝገብ ከልኬቱ ጋር አይጣጣምም።" ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ቀያየርኳት። አጭር ሆና ብዙ እንድትል።

አቶ ሰይፉ አነበቡና "ያ ብረት ሠራ ማለት ነው" አሉ። ከእሳቸው ይህ ምስጋና ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

የሩቅያ ክትባት በሙሉ በበረዶ ሳጥን ተጭኖ ወደዚህ መጣ። ማከማቻው ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ አትጠቀሙ። ሩቅያ የጽሑፍ ማብራሪያ እንድታቀርብ ደብዳቤ ደርሷታል። ግንቦት 11 ኮሚቴ ተቀምጦ ክትባቱ ይወገድ አይወገድ፣ እሷም ከክትባት ሥራ ትነሣ አትነሣ ይወስናል።

ትነሣ? እንደዚህ አላሰብኩም ነበር… ፍሪጁ ይቀየራል ነበር ያልኩት። መዝገቡን ግን ማን አነሣ? እኔ።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ሩቅያ መጣች። አራት ሰዓት ላይ፣ መዝገቧን በብብቷ ይዛ። ዎርክሾፑ በር ላይ ቆማ "አለሽ?" አለች። ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም።

"መዝገቧ ላይ ውሸት ጽፋለች ነው ያልሽው?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ታዲያ ምን አልሽ?"

ምን አልኩ? አይጣጣምም ነው ያልኩት። ይህን ለእሷ ፊት ለፊት መድገም አቃተኝ።

"ትናንት የክትባት ቀን ነበር" አለች። "ሃያ ሦስት እናት መለስኩ። አሪፋ የምትባል አለች፤ ልጆቿ መንታ ናቸው፣ አንዱን በጀርባ አንዱን በጎን አድርጋ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሯ ነው የመጣችው። የለም አልኳት። ለምን አለችኝ። ምን ልበላት?"

የሳብኩላትን ወንበር ወደ ቦታው መለስኩ።

"ዐሥራ አንድ ዓመት ነው የጻፍኩት። ልጄን በወለድኩ በሳምንቴ በስልክ እየጠየቅኩ አስጽፌያለሁ። ሳላይ የጻፍኩት አንድ ቁጥር የለም። ለአላህም ይህንኑ ነው የምለው።"

ማልቀስ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሚሪንዳ ላስመጣ ስላት "ሚኒባሱ ይሄድብኛል" ብላ ወጣች። መዝገቡን ትታልኝ የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ ይዛው ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ጸባዬ ልክ አልነበረም። አንድ ፓምፕ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ አንድ ብሎን አተረፍኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

እንደገና ልለካ ብዬ ተነሣሁ። መናኸሪያ ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል። እስከ መቼ? ማንም አያውቅም። ሹፌሮቹ ካርታ እየተጫወቱ ነው።

ተመለስኩና ግራፉን ዘረጋሁት። ያምራል ያልኩት ግራፍ… ዛሬ ማማሩ ራሱ አሳሰበኝ። ሽቅቡ ሁሉ እኩል ቁመት፣ ቁልቁሉ ሁሉ እኩል ጥልቀት። ሰው በር ሲከፍት እንዲህ በእኩል በእኩል ይከፍታል? ደግሞ ያን ዕለት ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን አሁን ነው ያየሁት፦ "ኮምፕረሰር ሁለት ጊዜ ተነሣ።" ሁለት ጊዜ። ቅዝቃዜው ግን ዐሥር ጊዜ ወርዷል። ሞተሩ ሳይነሣ ማን አቀዘቀዘው?

ራሴ ጽፌዋለሁ። ራሴ አላነበብኩትም። እሷን ግን ሳታይ ጻፈች ብዬ…

ሽማግሌውን ባትሪ ላይ አድርጌ ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች በቀጥታ አገናኘሁ። ዜሮ አለ፣ ንቅንቅም አላለ። ጤነኛ ነው። ታዲያ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

መንገዱ አልተከፈተም። ግራፉን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከምሳ በኋላ መልሼ አወጣሁት።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን መጻፍ አለብኝ። ከጠዋቱ ልጀምር።

ኢንቨርተሩንና ባትሪውን ቅዳሜ ቤት ይዤ መጥቼ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ስልክ ልሞላበት። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው፤ እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሙቀቱ ግድግዳ ይልሳል። ናጅዋ ከጓዳ "ሶሲ፣ በአላህ፣ ቬንትሌተሬን በዚያ ነገርሽ አስነሺልኝ፣ ልጄ ተቀቀለች" አለች። ናጅዋ ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ የመጣች ናት፤ ከዚያ ያመጣችው ትልቅ ነጭ ቬንትሌተር አላት።

ሰካሁላት። ተነሣ። መጋረጃው ተገለበጠ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ወረቀት በረረ። ናጅዋ ጸጉሯን ይዛ ሳቀች።

"ጅዳ እያለሁ እንዲህ ነበር የሚዞረው። እዚህ ሲገባ ሰነፈ። አገር ለወጠው ስል አልነበር?"

ሳቅኩ እኔም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ከግድግዳው ሰካነው። ድምፁ ወረደ። ቀስ… ቀስ ብሎ የሚዞር ሆነ። መጋረጃው ተኛ።

እጄ ላይ ሐብሐብ ነበር። አስቀመጥኩት።

ቬንትሌተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከመብራቱ ምት ነው። የእኛ አገር መብራት በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሳዑዲ ስልሳ ነው። የናጅዋ ቬንትሌተር ለስልሳ የተሠራ ነው፣ በእኛ ሃምሳ ይሰንፋል። በኢንቨርተሩ ግን እንደ ጅዳው ዞረ። እንግዲህ ኢንቨርተሩ…

ገለበጥኩት። ከሥሩ፣ ጽሑፉ በአቧራ ተሸፍኗል። በቀሚሴ ጠረግኩት። ስልሳ ይላል።

ቢላል ቤት ሮጥኩ። ሱቁን ከፍቶ ራዲዮ እያዳመጠ ነው።

"ይሄ ኢንቨርተር ከየት ነው የመጣው?"

"ከጅዳ። ተመላሾች ያመጡት ነው። የሳዑዲ ዕቃ አይበላሽም እህቴ፤ ለዚያ አይደል ይሄን ይሻላል ያልኩሽ?"

"ስልሳ ነው እኮ።"

"ታዲያ ሃምሳና ስልሳ ምን ለየው? አምፖል እንደሆነ ያበራል። ቴሌቪዥንም ያበራል።"

እውነቱን ነው። ያበራል። በዚህ ከተማ ስንቱ ቤት በዚህ ይኖራል፣ ማንም ምንም አይሆንም። በሃምሳና በስልሳ የሚጎዳ አንድ እኔ ነበርኩ… እኔና ሩቅያ።

ባትሪውን ከቤት በባጃጅ አስጭኜ፣ ከጁስ ቤቱ አንድ ፌስታል በረዶ ለምኜ ዎርክሾፕ ገባሁ። እሑድ ነው፤ ዘበኛው "ምነው በሰንበት?" አሉኝ። የተቀጠቀጠ በረዶ በውሃ፤ ይህ ሁልጊዜ ዜሮ ዲግሪ ነው፣ አይዋሽም። የሙቀት ሽቦውን ነከርኩ፣ እንደዚያን ዕለቱ ከመብራት ገመድ ጎን ለጎን አስተኛሁት፣ ገመዱ ላይ አሮጌ ፍሪጅ ሰክቼ አስነሣሁ። ሽማግሌው በባትሪና በጅዳው ኢንቨርተር።

አራት። ስድስት። ሦስት። ከዜሮ በታች አራት። ከዜሮ በታች አንድ… ሽቅብ። ቁልቁል። ያው ማዕበል።

የበረዶ ውሃ ስድስት ዲግሪ! ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጨርቅ አላነጠፍኩም፣ አላቃጠለኝም።

አሁን እንዲህ ነው የገባኝ፣ እንዳልረሳው ልጻፈው። ከፍሪጅ ገመድ ጎን የተኛ ሽቦ የመብራቱን ወዲያ ወዲህ ይለቅማል። ሽማግሌው ይህን ያውቃል። አንድ ሙሉ ዙር እስኪያልቅ ጠብቆ ይደምራል፤ የወጣው ከወረደው ጋር ይጣፋል፣ የሚቀረው የሙቀቱ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ግን የዙሩን ርዝመት ማወቅ አለበት። ከማን ያውቃል? ሲበራ ከሚመግበው መስመር። የመገበው የጅዳው ኢንቨርተር ነው፣ ስልሳ ብሎ ነገረው። ሽማግሌው አምኖ በስልሳ መደመር ጀመረ። ሽቦው ላይ ያለው ጩኸት ግን የእኛው ሃምሳ ነው። ዙሩ ሳያልቅ ይቆርጠዋል፣ ትራፊው ይቀራል። ያ ትራፊ ነው በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ እየተቀያየረ የሚከፈት የሚዘጋ በር የመሰለኝ።

ሚያዝያ 20 ለምን ረጋ ታዲያ? ሰፈሩ ሁሉ መብራት ስላልነበረው ነዋ። ጩኸት በሌለበት ጩኸት የማይሰማ ሜትር ሠራሁ ብዬ ሐብሐብ በላሁ።

የሽማግሌውን የማስተካከያ ዝርዝር ከፍቼ ፈለግኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ፦ ምቱን ራሱ እንዲያገኝ ወይም በእጅ እንዲሰጠው። በእጄ ሃምሳ አልኩት። ባትሪው ያው፣ ኢንቨርተሩ ያው፣ ገመዱም ያው።

ዜሮ ነጥብ አንድ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ። ዜሮ ነጥብ አንድ።

አንድ ሰዓት ሙሉ አየሁት። ደስ አለኝ፤ አዎ፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ፣ ይህን አልደብቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገለጥልኝ ከመብላትም ከመተኛትም በላይ ያስደስተኛል። ከዚያ ነገ ሰኞ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ሰይፉ ቢሮ ነበርኩ። ኮሚቴው አራት ሰዓት ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቬንትሌተሩን፣ በረዶውን፣ ሃምሳና ስልሳውን። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

"ማን ያውቃል ይሄን?"

"እኔና እርስዎ።"

"እንግዲያው አታካብጂው። ፍሪጁ ተስተካክሏል፣ አሁን ደህና ነው ብለሽ ጻፊ። ፍሪጁም ይቀራል፣ አንቺም አትጠየቂም።"

አማረኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል በጣም አማረኝ። በሪፖርቶቼ እታወቃለሁ፤ ሌላ የምታወቅበት የለኝም። እዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም፣ ባል የለኝም፣ "ሶስና ከለካችው አለቀ" የሚሉት ብቻ ነው ያለኝ።

"ተስተካክሏል ካልን ተበላሽቶ ነበር ማለት ነው" አልኳቸው። "ተበላሽቶ ከነበረ ክትባቱ ይቃጠላል። መዝገቧም ውሸት እንደሆነ ይቀራል።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ "በይ አንቺው ተናገሪ፣ እኔ ከጎንሽ እቀመጣለሁ" አሉ። ተቀመጡም።

ሩቅያ ከመስኮቱ ሥር ነበረች። መንገዱ ጠዋት ተከፍቶ በመጀመሪያው መኪና ነው የመጣችው። አምስት ገጽ ማብራሪያ ጽፋለች፣ በእጅ ጽሑፍ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ። ሰብሳቢው "እንግዲህ ሲስተር…" ብለው ሲጀምሩ እጄን አነሣሁ።

ምን ምን እንዳልኩ በቅጡ አላስታውስም። "ስሕተቱ የእኔ ነው፣ የፍሪጁም የሲስተር ሩቅያም አይደለም" ማለቴን አስታውሳለሁ። "ብልቃጡን ነቅንቃ አሳይታኝ ነበር፣ አላመንኳትም" አልኩ። ይህን ማለት ከሁሉም ከበደኝ።

አንዱ አባል "ዛሬ ተሳሳትኩ ያለ ሰው ነገም ተሳሳትኩ ሊል ይችላል፣ በምን እናምናለን?" አሉ። ልክ ናቸው። አትመኑኝ፣ እዚያው ሄደን በፊታችሁ ልለካ አልኳቸው። ረቡዕ ተባለ። እስከዚያ ክትባቱ አይነካም፣ ማከማቻው ውስጥ እንደቀዘቀዘ ይቆያል።

ስንወጣ ሩቅያን ደረጃው ላይ አገኘኋት። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። ቆማ አየችኝ።

"ረቡዕ ይለካ" አለችና ሄደች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

አራት ሆነን ሄድን። እኔ፣ አቶ ሰይፉ፣ ከኮሚቴው ሁለት። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ጭኔ ላይ።

ሩቅያ ባዶውን ፍሪጅ ሳታጠፋ ነው የቆየችው። ውስጡ የውሃ ጠርሙሶች ደርድራለች፣ እንደ ክትባቱ ቅዝቃዜውን እንዲይዙላት። ጠዋትና ማታም ጽፋለች። ማን አስገደዳት? ማንም።

መጀመሪያ የስሕተቱን መንገድ አሳየኋቸው፤ በጅዳው ኢንቨርተር፣ በስልሳ። ማዕበሉ መጣ፣ ያው ሽቅብ ያው ቁልቁል። አቶ ሰይፉ በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፣ ማንም እንዳይከፍት። ቁጥሩ ከዜሮ በታች አንድ ሲገባ ከኮሚቴው አንደኛው እጃቸውን ጠርሙሱ ላይ አድርገው "ኧረ ውሃ ነው፣ አልረጋም" አሉ። ከዚያ ምቱን በእጄ ሃምሳ አደረግኩ።

አራት ነጥብ አራት። አራት ነጥብ አራት። አራት ነጥብ ሦስት። ሁለት ሰዓት ሙሉ።

ሩቅያ መዝገቧን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው፣ ከሽማግሌው ጎን። ለኮሚቴው ነው ያደረገችው፣ ወደ እኔ አላየችም።

ማከማቻው ውስጥ ካሉት ብልቃጦችም አንዳንድ ይዘን መጥተን ነበር። ነቅንቂ አሏት፤ ነቀነቀች። ደፍርሰው ቆዩ። ቀዩ ወረቀት ይነሣል፣ ክትባቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል ተባለ።

ልንወጣ ስንል ጠራችኝ።

"ያቺን ዓረፍተ ነገር አውጫት" አለችኝ።

የትኛዋን ብዬ አልጠየቅኩም። ማታ ሪፖርቱን እንደገና ጻፍኩ። "ልኬቱ ስሕተት ነበር። የጤና ጣቢያው መዝገብ ትክክል ነው።" ይቺን አልቀያየርኳትም። አንድ ቅጂ ለኮሚቴው፣ አንድ ለእሷ፣ ማኅተም ያለበት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ኢንቨርተሩን ለቢላል መለስኩለት። "ምን ነካው?" አለ። ምንም አልነካው፣ ደህና ነው፣ እኔ ነኝ ያላየሁት አልኩት። ለናጅዋ ልስጣት አልኩ፤ ቬንትሌተሯን እንደ ጅዳ የሚያዞርላት እሱ ብቻ ነው። ቢላል ሳቀና በሃምሳ ምት በሚሠራ ለወጠልኝ፣ ያኛውን ከአሮጌ ባትሪ ጋር ለናጅዋ በቅናሽ ሸጠላት። አሁን መብራት ሲጠፋ ነው ቤታችን የሚቀዘቅዘው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

የክትባት ቀን። ክትባቱ ማክሰኞ ተመልሷል። ልይ ብዬ ሄድኩ፤ የሄድኩት ለምን እንደሆነ ለአቶ ሰይፉ ምክንያት ፈጠርኩ፣ እሳቸውም እንዳመኑ ሆኑ።

ግቢው በእናቶች ሞልቷል። ከዛፉ ሥር፣ ከግንቡ ጥግ፣ ጥላ ባለበት ሁሉ። ሩቅያ በሩ ላይ ስታየኝ "መጣሽ?" አለች። ከዚያ ወደ አንዲት ሴት ዞራ "አሪፋ፣ ያቺ ሜትር ያላት ሴትዮ ይቺ ናት" አለቻት።

አሪፋ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ብትሆን ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። መንታዎቹ አንዱ በጀርባዋ አንዱ እቅፏ። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ያቀፈችውን ሰጠችኝ።

"ያዥልኝ። በአንቺ ምክንያት ነው ሁለተኛ የተጓዝኩት" አለች።

ያዝኩት። ከባድ ነው፣ ከሽማግሌው አይተናነስም። እግሩን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ አለችኝ ሩቅያ፤ ያዝኩ። "ቢስሚላህ" ብላ ወጋችው። ጆሮዬ ላይ ጮኸ፣ ከዚያ ቀሚሴ ላይ ሸና። አሪፋ ሳቀች። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሁለተኛውንም ያዝኩላት። ከዚያ የሌላዋን፣ ከዚያ የሌላዋን። እስከ ስምንት ሰዓት ሠላሳ አራት ልጅ።

ሁሉም ሲሄዱ ሩቅያ ፍሪጁን ከፍታ ቴርሞሜትሯን አየች፣ መዝገቧ ላይ ጻፈች። አራት ነጥብ ሦስት። እኔ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር።

"አትለኪም እንዴ?" አለችኝ።

"አንቺ ጻፍሽ አይደል?"

"ለኪ። እኔ ልይሽ።"

ሽቦውን አስገባሁ። ሽማግሌውን ባትሪ ላይ አደረግኩ፣ ምቱን ሃምሳ መሆኑን ለእሷ አሳየኋት፣ ጠበቅን። አራት ነጥብ አራት አለ። ረጋ።

ሩቅያ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች፣ መዝገቧን አየች፣ እንደገና ቁጥሩን አየች።

"ትንሽ ተሳስቷል" አለች።

አንድ ዐሥረኛ ዲግሪ ልዩነት አይባልም፣ የሽቦው የራሱ ስሕተት ከዚያ ይበልጣል፣ የትም አገር ይህ ስሕተት አይባልም… ይህ ሁሉ አፌ ላይ መጣ።

"አዎ፣ ትንሽ ተሳስቷል" አልኳት።

ሳቀች። ከተዋወቅን ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ሻይ ይዛ መጣች፣ መዝገቧን ከጠረጴዛው ሳታነሣ፣ እዚያው ከሽማግሌው ጎን ተቀምጠን ጠጣን።